ሳይጠራ የሚታወቅ ባለቤት

ካይሮ ውስጥ አንድ ሰው «አሕመድ ፌን?» ብሎ አሕመድ የት እንዳለ ቢጠይቅ፣ «ኒዚል፤ ራሕ ኢስሱእ፤ ሐይሽቲሪ ዔሽ ወ ዪርገዕ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። «ወጥቷል፤ ገበያ ሄዷል፤ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል» ማለት ነው። በመልሱ ውስጥ አራት ግሶች አሉ፤ የአራቱም ባለቤት አሕመድ ነው። ሆኖም የአሕመድ ስም አልተደገመም፤ «እሱ» ማለት የሆነው «ሁዋ»ም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። አማርኛውም ያለ «እሱ» ስለሚሄድ፣ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ውስጥ የሚጠየቅ ነገር መኖሩ ላይታየው ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ይህን መልስ ያለ ተውላጠ ስም አይቀበለውም፤ ዐረፍተ ነገሩ በጀመረ ቁጥር ባለቤቱ መጠራት አለበት። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ያንን የማይጠራ ባለቤት ነው፦ ለምን አይጠራም? አንዳንድ ጊዜ ሲጠራስ ለምን ይጠራል? ማስረጃዬን በዋናነት የምወስደው ከካይሮ ዐረብኛ ነው። ይህ ቀበልኛ በፊልምና በዘፈን አማካይነት በዐረቡ ዓለም ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ በሰዋስው ግን ከመጽሐፉ ዐረብኛ ከፉስሐ በግልጽ ርቋል። ርቀቱ ራሱ ለጥያቄያችን ትልቅ ማስረጃ እንደሚሆን ወደፊት እናያለን።

የተለመደው ማብራሪያ ቀላልና ማራኪ ነው። ግሱ ባለቤቱን በቅጥያው ስለሚናገር ተውላጠ ስም መጨመር ድግግሞሽ ነው ይላል። «ከተብና» ያለ ሰው «ጻፍን» ብሏል፤ «ኢሕና» ማለትም «እኛ» ብሎ የሚጨምረው አዲስ ነገር የለም። የዚህ ሐሳብ ሥር ጥንታዊ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያረፈው ሲበወይህና እሱን የተከተሉት የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት፣ ማንኛውም ግስ አድራጊ ሊኖረው ግድ ነው ከሚል መነሻ ተነሥተው ነገሩን በጥንቃቄ መድበውታል። በእነሱ ትምህርት «ከተብቱ» በሚለው ግስ መጨረሻ ያለችው «ቱ» ራሷ ከግሱ ጋር የተያያዘች ተውላጠ ስም ናት፤ «ከተበ» በሚለው ውስጥ ደግሞ የማይታይ፣ የተሰወረ ተውላጠ ስም አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴቪድ ፐርልሙተር በ1971፣ ኖአም ቾምስኪ በ1981፣ ሉዊጂ ሪትሲ በ1982 ባሳተሟቸው ሥራዎች ጥያቄው እንደ አዲስ ተነሣ። ቋንቋዎች በሁለት ጎራ ተከፈሉ፦ በአንድ ወገን ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽና ዐረብኛን የመሳሰሉ ባለቤቱን መተው የሚችሉ፣ በሌላ ወገን እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛን የመሳሰሉ የማይችሉ። የተተወውን ባለቤት ማንነት የሚያሳውቀውም በመጀመሪያ ደረጃ የግሱ ቅጥያ ሀብት ነው ተባለ። ማቲው ድራየር በ711 ቋንቋዎች ላይ ያደረጉት ንጽጽርም ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ ከእነዚህ ውስጥ 437ቱ የተውላጠ ስም ባለቤትን በግሱ ላይ በቅጥያ ይገልጻሉ፣ ተውላጠ ስሙን በባለቤት ቦታ ላይ ግዴታ የሚያደርጉት 82 ብቻ ናቸው። እንግሊዝኛን የለመደ ሰው እንደ ተራ ሕግ የሚያየው ነገር በዓለም ቋንቋዎች መካከል የጥቂቶች ልማድ ነው።

የእኔ ክርክር ይህ ማብራሪያ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደናል የሚል ነው። የግስ ቅጥያ ባለቤቱን ለመተው ያግዛል፤ የመተዉ ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ምክንያቱ ያለው በንግግሩ አካሄድ ላይ ነው። ባለቤቱ ሳይጠራ ሲቀር ተናጋሪው ለአድማጩ የያዝነው ሰው አልተለወጠም እያለው ነው፤ ሲጠራ ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፣ ልብ በል እያለው ነው። በዚህ አስተያየት ዝምታው ጉድለት አይደለም። ማብራሪያ የሚጠይቀውም የተውላጠ ስሙ መቅረት ሳይሆን መምጣቱ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የካይሮ ግስ ራሱ ነው። በፉስሐ «ከተብቱ» ጻፍኩ፣ «ከተብተ» ደግሞ ጻፍክ ማለት ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው የመጨረሻው አጭር አናባቢ ብቻ ነው። የንግግር ዐረብኛ እነዚህን የመጨረሻ አጭር አናባቢዎች ጥሏቸዋል፤ ስለዚህ በካይሮ «ጻፍኩ»ም «ጻፍክ»ም «ከተብት» ሆነው ተዋሕደዋል። ይህ መዋሐድ በካይሮ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በሌቫንትና በባሕረ ሰላጤው ቀበልኛዎችም አለ። ላልተፈጸመ ድርጊት በሚያገለግለው የግስ መልክም «ቲክቲብ» ማለት «ትጽፋለህ»ም «ትጽፋለች»ም ነው። እንግዲህ የቅጥያው ሀብት የመተዉ ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ ቅጥያው በደከመባቸው በእነዚህ ቦታዎች ላይ ተውላጠ ስሙ ግዴታ መሆን ነበረበት። አልሆነም። አንዱ «ፊሂምት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው «አይዋ፣ ፊሂምት» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው «ተረዳህ?» ነው፣ ሁለተኛው «አዎ፣ ተረዳሁ» ነው፤ ግሱ ግን በድምፅ አንድ ነው። የሚደናገር የለም። ጥያቄ ወደ አድማጩ፣ መልስ ደግሞ ስለ መላሹ እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉና ቅጥያው ያልለየውን ንግግሩ ይለየዋል።

ለዚህ አማርኛም ምስክር ነው። «ስትመጣ ደውልልኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚመጣው አድማጩ ይሁን ሌላ ሴት ትሁን በግሱ አይናገርም፤ «አትመጣም» ሲባልም አንተ ነህ ወይስ እሷ የሚለውን ግሱ አይመልስም። በ«ትመጣለህ» እና በ«ትመጣለች» ላይ የሚታየው ልዩነት በአሉታና በጥገኛ ግስ ላይ ይጠፋል። ለሁለተኛ መደብ ተባዕትና ለሦስተኛ መደብ አንስት አንድ «ት»ን መጠቀም ዐረብኛና አማርኛ ከሴማዊ ቤተሰባቸው የወረሱት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ይህን ድርብ ትርጉም ተሸክመው ኖረዋል፤ ሁለቱም «አንተ»ን ወይም «እሷ»ን ግዴታ በማድረግ ሊያስተካክሉት አልተነሡም። የቅጥያ ግልጽነት ያን ያህል ወሳኝ ቢሆን ኖሮ በዚህ ቦታ ላይ አንድ ጥገና ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህም ይጠነክራል፤ በካይሮ ዐረብኛ መደብን ጨርሶ የማይገልጽ የግስ መልክ አለና። «ፋሂም» የሚለው ቃል የሚረዳ፣ የገባው እንደማለት ነው፤ ለሴት «ፋህማ»፣ ለብዙ «ፋህሚን» ይሆናል። ጾታና ቁጥር እንጂ እኔ፣ አንተ፣ እሱ የሚል ምልክት የለውም። የዕለት ተዕለት ንግግር በእንዲህ ያሉ ቃላት የተሞላ ነው፦ «ዓዪዝ» የሚፈልግ፣ «ዓሪፍ» የሚያውቅ፣ «ራዪሕ» የሚሄድ፣ «ሻዪፍ» የሚያይ። ማብራሪያው ትክክል ቢሆን እነዚህ ቃላት ያለ ተውላጠ ስም ባልቆሙ ነበር። ነገር ግን «ፋሂም?» ብቻውን «ይገባሃል?» ነው፤ «ሚሽ ፋሂም» ብቻውን «አልገባኝም» ነው፤ አንዱ «አሕመድ ሳኪት ሌህ?» ብሎ አሕመድ ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቅ የሚመጣው «ሚሽ ፋሂም» ደግሞ «አልገባውም» ነው። አንድ ቃል ሦስቱንም መደቦች ያለ ምንም ለውጥ አገለገለ። ማን እንደሆነ የሚወስነው ሥርዓት ግልጽ ነው። ስለ አንድ ሰው እየተነገረ ከሆነ ቃሉ ወደዚያ ሰው ይሄዳል፤ ካልሆነ ጥያቄ ወደ ሰሚው፣ ተራ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ወደ ተናጋሪው ያመራል።

በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎች ይህን ከዕብራይስጥ ጋር ሊያስተያዩት ይችላሉ። የዘመናዊው ዕብራይስጥ የአሁን ጊዜ ግስም እንደ «ፋሂም» ጾታና ቁጥር እንጂ መደብ የለውም፤ እዚያ ግን «እሄዳለሁ» ለማለት «አኒ ሆሌኽ» ተብሎ «እኔ» በአብዛኛው ይጠራል፤ መደብ በያዘው በ«ሃላኽቲ» ማለትም በ«ሄድኩ» ላይ ግን ይቀራል። የዕብራይስጥ ጠባይ ለብቻው ቢታይ የተለመደውን ማብራሪያ የሚያጸና ይመስላል። ከካይሮ ጎን ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው ሁለት እኅትማማች ቅርጾች በአንዱ ቋንቋ ተውላጠ ስሙን ያቆያሉ፣ በሌላው ይለቁታል። ቅርጹ የሚናገረው ነገር እኩል ከሆነ ልዩነቱ የመጣው ከቅርጹ ሊሆን አይችልም።

ከሴማዊው ቤተሰብ ውጭ ብንመለከትም ሚዛኑ ወደዚያው ያዘነብላል። አይስላንድኛ በብዙ ግሶቹ ላይ ከስድስቱ የመደብና የቁጥር ቦታዎች አምስት የተለያዩ ቅርጾች ያሳያል፤ ሆኖም እሱን፣ እሷን፣ እኔን የሚጠቁም ባለቤት እንደ ካይሮ በነጻነት አይተውም። ቻይንኛ በተቃራኒው በግሱ ላይ አንድም የመደብ ቅጥያ የለውም፤ ሆኖም ባለቤቱን፣ ተሳቢውንም ጭምር፣ እንደ ልብ ይተዋል። ጄምስ ሁዋንግ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን በሰፊው ካሳዩ ወዲህ፣ የቅጥያ ሀብት ብቸኛው ፈቃድ ሰጪ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ሆኗል። ሀብታሙ የማይተው፣ ባዶው የሚተው ከሆነ ሀብቱን ምክንያት ማለት አያስኬድም።

እንግዲህ ምክንያቱ ቅጥያው ካልሆነ ምንድን ነው? ሙሺራ ዒድ በ1983 የግብፅ ዐረብኛ የባለቤት ተውላጠ ስሞች በተግባቦት ውስጥ የሚጫወቱትን ሚና በሚመረምር ጽሑፋቸው ጥያቄውን ከግሱ ወደ ንግግሩ አዙረውታል፤ ትክክለኛው አቅጣጫም ይህ ይመስለኛል። ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እናስተያይ። «አሕመድ ከልሊም ሐሰን፣ ወ በዕዴን ኒዚል» ሲባል አሕመድ ሐሰንን አነጋገረው፣ ከዚያም ወጣ ማለት ነው፤ ሰሚው የወጣው አሕመድ እንደሆነ ይወስዳል። «አሕመድ ከልሊም ሐሰን፣ ወ በዕዴን ሁዋ ኒዚል» ሲባልና «ሁዋ» ጠበቅ ተደርጎ ሲነገር፣ የሰሚው ግምት ወደ ሐሰን ያዘነብላል። ግሱ አንድ ነው፣ ቅጥያው አንድ ነው፤ ለውጡን ያመጣው የተውላጠ ስሙ መጠራት ነው። ዝምታው የሚቀጥለውን ሰው ያመለክታል፣ ጥሪው የተቀየረውን። ተውላጠ ስሙ ግዴታ በሆነበት በእንግሊዝኛ ይህ ምርጫ የለም፤ ያው «እሱ» ለመቀጠሉም ለመለወጡም ስለሚያገለግል ልዩነቱን ድምፅን በማጥበቅ ወይም ስሙን በመድገም ማውጣት ይገባል።

ተውላጠ ስሙ የሚመጣባቸው ሌሎች ቦታዎችም ይህንኑ ይናገራሉ። «ሚን ከተብ?» ማለትም «ማን ጻፈ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ከተብት» ብሎ ዝም ሊል አይችልም፤ ጥያቄው ስለ ማንነት ነውና «አና» ማለት አለበት። ከሌላ ሰው ጋር ሲጣመርም እንዲሁ ነው፦ «ሩሕት አና ወ አሕመድ» ማለት እኔና አሕመድ ሄድን ማለት ሲሆን፣ «አና» ባይኖር «እና አሕመድ» የሚለው የሚንጠለጠልበት አያገኝም ነበር። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የአክብሮት ጉዳይ ነው። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ላይ ይሸከማል፤ «ምን ይፈልጋሉ?» ያለ ሰው «እርስዎ» ባይልም አክብሯል። የካይሮ ግስ እንዲህ ያለ መልክ የለውም፤ ለትልቅ ሰውም ለሕፃንም ግሱ አንድ ነው። ስለዚህ አክባሪው ሰው «ሐድሪታክ ዓዪዝ ኤህ?» ይላል፤ «ሐድሪታክ» «እርስዎ» እንደማለት ነው፣ ለሴት «ሐድሪቲክ» ይሆናል። ይህ ቃል ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለመለየት አልመጣም፤ ሰሚው ፊት ለፊት ቆሟልና። የመጣው ግሱ ሊሸከመው ያልቻለውን አክብሮት ይዞ ነው። ባለቤት የሚያሳውቀው ነገር ሲኖረው ይጠራል፤ የሚያሳውቀው ከሌለ ይታለፋል። ካይሮዎች «ሁዋ»ን ከባለቤትነት ውጭ ለሌላ ሥራ ማዋላቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ «ሁዋ ኢንታ ሚሽ ጋይ?» ማለት «ታዲያ አትመጣም?» እንደማለት ሲሆን፣ ባለቤቱ «ኢንታ» ማለትም «አንተ» ነው፤ ፊት የቆመው «ሁዋ» ጥያቄውን ብቻ ይከፍታል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ሁሉም ነገር በዐውድ የሚወሰን ከሆነ ሰዋስው ምን ቀረለት የሚል ነው። መልሱ የካይሮ ሰዋስው ራሱ ነው፤ ዝምታ የማይፈቀድባቸው ቦታዎች አሉና። «ኢንን» ከሚለው አገናኝ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤት ከቃሉ ጋር በቅጥያ መያያዝ አለበት፦ «ኣል ኢንኑ ሐዪጊ»፣ እመጣለሁ አለ። «ኢንኑ» መጨረሻ ላይ ያለው «ኡ» «እሱ»ን ይዟል፤ ግሱ «ሐዪጊ» መደቡን በግልጽ እየተናገረም ቢሆን ይህ ቅጥያ አይቀርም። አገናኙ ጨርሶ ሲቀር ግን «ኣል ሐዪጊ» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ድግግሞሽ ይወድቃል የሚለው ሕግ አይሠራም፤ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ተነግሯልና። በሌላው ጫፍ፣ ማንም አድራጊ የሌለበትን «ቢትመጥጠር» ማለትም «ይዘንባል» የሚለውን ግስ እንይ። ተናጋሪው ወይ «ኢድዱንያ» ማለትም «ዓለሚቱ» የሚል ስም ያስቀድማል፣ ወይ ግሱን ብቻውን ይተወዋል፤ እንደ እንግሊዝኛው ቦታ ለመሙላት ብቻ የሚቀመጥ ባዶ ተውላጠ ስም አያስፈልገውም። ስለዚህ ሰዋስው በሩ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ ይወስናል፤ በሩ ክፍት በሆነበት ቦታ መግባትና አለመግባት ግን የተናጋሪው መልእክት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከታሪክ ይመጣል። ድሮ ፈረንሳይኛ ባለቤቱን ይተው ነበር፤ የግስ ቅጥያዎቹ ድምፃቸው እየጠፋ ሲሄድ ተውላጠ ስሙ ግዴታ ሆነ፤ ታዲያ ይህ ቅጥያው ምክንያት መሆኑን አያሳይም? ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው አያሳይም። በድሮው ፈረንሳይኛ ባለቤቱ በብዛት ይተው የነበረው በዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ግሱ ሁለተኛውን ቦታ በሚይዝበት አቀማመጥ ነበር፤ በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መተዉ በጣም ያንስ ነበር። ቅጥያዎቹ ግን በሁለቱም ቦታ ያው ነበሩ። ያው ቅጥያ በአንዱ ቦታ ፈቅዶ በሌላው ከከለከለ፣ ወሳኙ የዐረፍተ ነገሩ አቀማመጥ እንጂ ቅጥያው አልነበረም ማለት ነው። የካይሮ ታሪክ ደግሞ የቀረውን ይጨምራል፤ የመጨረሻ አናባቢዎች ጠፉ፣ «ከተብቱ» እና «ከተብተ» ተዋሐዱ፣ ተውላጠ ስሙ ግን ግዴታ አልሆነም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የበለጠ ስስ ነው፦ ግዴታ ባይሆንም ቅርጹ አሻሚ በሆነበት ቦታ ተናጋሪዎች ተውላጠ ስምን ያበዙ ይሆናል። ጁዲት ሆክበርግ በ1986 በቦስተን የሚኖሩ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችን ስፓኒሽ አጥንተው እንዲህ ያለ ማካካሻ አለ ብለዋል፤ በዚያ ቀበልኛ የግሱ መጨረሻ «ስ» ሲዋጥ «አንተ» የሚለውን ከሌላው መደብ መለየት ያስቸግራልና። ሪቻርድ ካሜሮን ግን በ1993 የሳን ሁዋንንና የማድሪድን ንግግር አነጻጽረው የማካካሻውን ሐሳብ የሚደግፍ ውጤት አላገኙም፤ በሁለቱም ከተሞች በተመሳሳይ መጠን የሠራው ባለቤቱ ከቀደመው ዐረፍተ ነገር ባለቤት መለወጡና አለመለወጡ ነበር። አሻሚነት በተወሰነ ቦታ ተጽዕኖ አለው ቢባል እንኳ ክርክሬን አይጎዳውም። አድማጩ እንዳይሳሳት ብሎ «ኢንታ» ማለት ራሱ ተውላጠ ስሙን ለመልእክት መጠቀም ነው። ያ የሚያሳየው ተናጋሪው ስለ አድማጩ ማሰቡን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ቅጥያው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። «ከተብና» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ማንን እንደሚያወራ ማንም ሳይጠይቀው ይታወቅለታል፤ «ፋሂም» ግን ሁልጊዜ ጥያቄን፣ መልስን ወይም ቀድሞ የተነሣ ሰውን ይፈልጋል። ቅጥያ ያለው ግስ ከዐውዱ የሚበደረው ትንሽ ነው፤ የሌለው ብዙ ይበደራል። የድራየር ቁጥሮች የሚያሳዩትም ቅጥያ የባለቤትን ማንነት ለመያዝ የተለመደና ምቹ መንገድ መሆኑን ነው። ምቹ መንገድ መኖሩ ግን ለምን እንደሚኬድ አይነግረንም፤ ያንን የሚነግረን ተናጋሪውና አድማጩ በጋራ የያዙት ነገር ነው።

ፍሬ ነገሩ ወደ ተግባርም ይወርዳል። በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በኤምሬትስና በሊባኖስ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ዐረብኛን በጆሮ እየተማሩ ይሠራሉ። ለእነሱ መማሪያ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ የመጀመሪያውን ገጽ በ«አና፣ ኢንታ፣ ሁዋ» ሠንጠረዥ አትሙሉት፤ እያንዳንዱን ምሳሌም በ«አና» አትጀምሩት። ባለቤትን መተው አማርኛ ተናጋሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ችሎታ ነው፤ እንዲረሳው አታድርጉት። ጊዜያችሁን አማርኛው በማይረዳው ነገር ላይ አውሉት፦ መደብ የሌላቸውን እነ «ፋሂም»ንና «ራዪሕ»ን ከጥያቄውና ከመልሱ አይቶ መለየትን፣ ግሱ የማይሸከመውን አክብሮት በየአገሩ ወግ በቃል መግለጽን፣ ከ«ኢንን» ቀጥሎ የሚመጣውን ቅጥያ አለመዘንጋትን አስተምሩ። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው «ሁዋ» ሲባል በሰማ ቁጥር ለምን ተጠራ ብሎ እንዲጠይቅ አስለምዱት፤ በካይሮ ዐረብኛ የተጠራ ባለቤት ያለ ምክንያት አይጠራም።